አሥራ ሦስተኛው ረድፍ

ሙዚየሙ ሦስት ፎቅና አንድ ምድር ቤት አለው። በፎቆቹ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ማዕረግ አላቸው፤ በምድር ቤቱ የምትሠራው ሴት ያላት ግን ቅጽል ስም ብቻ ነው፦ ፈጪዋ። ድንጋይ ስለምትፈጭ ነው። በሠላሳ አራት ዓመት የሥራ ዘመኗ ለምን እንደምትፈጭ ከልቡ የጠየቃት ሰው ቢኖር የቧንቧ ሠራተኛው ነበር፤ እሱም የጠየቃት የፍሳሽ መውረጃውን የደፈነው ዱቄት ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ነው። ነገረችው። "ድንጋይ እዚህ ድረስ አምጥቶ ዱቄት ማድረግ! ደግ ነው፣ ሥራ አይናቅም" አላትና ቱቦውን ጠርጎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሙያዋ ያን ያህል ረጅም ውይይት አድርጋ አታውቅም።

ክፍሏ መስኮት አለው ማለት ይቻላል። ከጣሪያው ሥር፣ ከመንገዱ እኩል የሆነች ጠባብ ቀዳዳ ናት፤ በእሷ በኩል የአላፊ አግዳሚው ጫማ ይታያል። ፈጪዋ የሠራተኛውን ሁሉ አመጣጥ ከፊቱ በፊት በጫማው ታውቃለች። ከመስኮቱ ሥር በውሃ እየቀዘቀዘ የሚቆርጥ ክብ መጋዝ አለ፤ ከመጋዙ ቀጥሎ ድንጋይ የሚፈጭበት ወፍራም መስታወት፣ ከመስታወቱ ቀጥሎ አሲድ ያለበት ትሪ፣ ከትሪው ቀጥሎ ሻይ የምትጠጣበት ኩባያ። ትሪውና ኩባያው እንዳይጠጋጉ በመሃላቸው ቀይ መስመር አስምራለች። የደኅንነት ኮሚቴ መጥቶ ስለ መስመሩ አመስግኗታል፤ ኩባያው እዚያ ምን እንደሚሠራ ግን አልጠየቀም።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ድንጋይ የሆነ ተክል ይመጣላታል። በአልማዝ ጥርስ መጋዝ ትቆርጠዋለች። የተቆረጠውን ፊት እንደ ጥፍር እስኪያብለጨልጭ ድረስ በመስታወቱ ላይ በዱቄት ትፈጨዋለች። ከዚያ ለጥቂት ሰከንድ አሲድ ታስነካዋለች፤ አሲዱ ድንጋዩን ይበላል፣ በድንጋዩ ውስጥ የቀረውን የተክሉን ገላ ግን ይተወዋል። በላዩ ስስ ፕላስቲክ ታለብሰዋለች፤ ሲደርቅ ትልጠዋለች። በዚያ ልጣጭ ላይ፣ ከአጉሊ መነጽር ሥር፣ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የሞተው ተክል አንዲት ሕዋስ ሳትጎድልበት ቁጭ ብሎ ይገኛል። ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች ልጣጩን ወስደው ጽሑፍ ይጽፉበታል። በጽሑፉ መጨረሻም ለመሥሪያ ቤቱ፣ ለባለቤታቸውና አንዳንዴም ለውሻቸው ምስጋና ያቀርባሉ።

በመጀመሪያው ፎቅ፣ ከዋናው በር ፊት ለፊት፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሙዚየሙ ኩራት ተቀምጧል። የጥድ ፍሬ ነው፤ ያው ከዛፍ ሥር ረግጠነው የምናልፈው፣ ቅርፊቱ እንደ ጣሪያ ክዳን የተደራረበው ፍሬ። የዚህኛው ልዩነት ከወደቀ ስንትና ስንት ሚሊዮን ዓመት ማለፉና በዚያ መሃል ድንጋይ መሆኑ ነው። ሙዚየሙን ያስጠራው ግን ሌላው ልዩነቱ ነው። የጥድን ፍሬ ገልብጦ ከሥሩ ያየ ሰው ቅርፊቶቹ ዝም ብለው እንዳልተሰካኩ ያስተውላል። ወደ ቀኝም ወደ ግራም እየተጠማዘዙ የሚወጡ ረድፎች ይሠራሉ። ረድፎቹ ሲቆጠሩ በአንዱ አቅጣጫ ስምንት፣ በሌላው አሥራ ሦስት ይመጣሉ፤ በትናንሾቹ ላይ ደግሞ አምስትና ስምንት። ጥድ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። የሙዚየሙ ፍሬ ግን በአንድ በኩል ስምንት፣ በሌላው አሥራ ሁለት ነው።

ይህን ያገኙት የሙዚየሙ መሥራች ፕሮፌሰሩ ናቸው። "ባለ አሥራ ሁለቱ" አሉትና አራት መቶ ገጽ መጽሐፍ ጻፉለት። በጥንት ዘመን ተክሎች በሌላ ቁጥር ያድጉ እንደነበር፣ ዛሬ የምናውቀው ሥርዓት በኋላ የመጣ መሆኑን አስረዱ። በየአገሩ እየተጋበዙ ተናገሩ። የሌላ ተቋም ተመራማሪ የሆነ አንድ ጺማም ሰው ብቻ "እባክዎ እንደገና ይቁጠሩት" የሚል የአንድ መስመር ደብዳቤ ላከላቸው። እሳቸውም "እባክዎ መነጽር ይግዙ" ብለው በአንድ መስመር መለሱለት። ይህ መልስ በሙዚየሙ ውስጥ ለሠላሳ ዓመት ያህል እየተደገመ ተሳቀበት። አሥራ ሁለት መስመር ያለው ጠመዝማዛ የሙዚየሙ ዓርማ ሆነ። በማኅተሙ ላይ አለ፣ በኩባያው ላይ አለ፣ በመግቢያው የእግር መጥረጊያ ላይም ስላለ ጎብኚ ሁሉ ጭቃውን በሳይንስ ላይ ጠርጎ ይገባል።

አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ጄሶ ነው። ይህን የምታውቀው ፈጪዋ ብቻ ናት፤ የሠራችው እሷ ናትና።

ነገሩ የሆነው ሥራ በገባች በሦስተኛ ዓመቷ ነው። ፍሬው ከቁፋሮ ቦታ በብስኩት ቆርቆሮ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ሦስት ቦታ ተሰብሮ መጣ። ከጎኑ አንድ ሽራፊ ጎድሏል፤ ሽራፊው ቢፈለግ አልተገኘም። ፕሮፌሰሩ እዚያው ቁፋሮው ላይ ስለነበሩ ቆርቆሮው ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ከተውበታል፦ "ገጣጥመሽ የጎደለውን ሙይው። ለፎቶ ይድረስ።" የዚያን ጊዜ የሙያው ደንብ የተጠገነው ቦታ እንዳይታወቅ ነበር። ዛሬ ደንቡ ተገልብጦ የግድ ይታወቅ ሆኗል፤ እሷ ግን የሠራችው በዚያኛው ነው። ጄሶውን ከራሱ ከድንጋዩ ዱቄት ጋር ለወሰችው፤ ቀለሙ ቁርጥ ድንጋዩን መሰለ። ሲጠነክር በጥርስ ሐኪም መንቀሻ ቅርፊቶቹን ቀረጸችበት። በዓይን ግምት ነበር። የሁለት ረድፍ ቦታ መሆኑን አላወቀችም፤ ትንሽ ሰፋ ያለ አንድ ረድፍ አስገባችበት። በጣም አማረ። በመዝገብ ካርዱ ጀርባም "ጎዶሎው በጄሶ ተሞልቷል" ብላ ጻፈች፣ ቀኑን አስፍራ ፈረመች፣ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ከተተች። ደንቡ ይህንንም ያዝዝ ነበር። ካርድ አገላብጦ ማንበብን ግን ማንንም አያዝዝም።

ፕሮፌሰሩ ተመልሰው ፍሬውን አንስተው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ በራቸውን ዘግተው መጻፍ ጀመሩ። ያልታወቀ ጥገና የጥሩ እጅ ምልክት ነው፤ በጣም ሳይታወቅ ሲቀር ግን አራት መቶ ገጽ ይሆናል።

ፈጪዋ ስህተቷን ያወቀችው መጽሐፉ ከወጣ ከዓመት በኋላ ነው፤ ያወቀችውም በኩራት ምክንያት ነው። ወደ ቤቷ ስትሄድ ከአንድ ጥድ ሥር ፍሬ አነሳችና የዛሬዎቹ ከእሷ ፍሬ ምን ያህል እንደሚለዩ ለማየት በእስክሪብቶ ነጥብ እያደረገች ቆጠረች። አሥራ ሦስት። በማግሥቱ ሌላ አነሳች። አሥራ ሦስት። ቤቷ ውስጥ ሦስት ቅርጫት በነጥብ የተዥጎረጎረ ፍሬ ሲሞላ አንድም አሥራ ሁለት አልተገኘም። አንድ ማለዳ ጎብኚ ሳይገባ ሣጥኑን ከፍታ የገዛ እጇን ሥራ በማጉያ አየችው። ረድፉ ሰፊ ነበር፤ የሁለት ረድፍ ቦታ ይዟል።

ያን ዕለት ልትናገር ደረጃውን ወጣች። ፕሮፌሰሩ በሩ ላይ አገኟትና አፏን ሳትከፍት ከማተሚያ ቤት የመጣውን ሁለተኛ እትም እጇ ላይ አኖሩት። በምስጋናው ገጽ ላይ አዲስ መስመር ተጨምሯል፦ "በምድር ቤት ላሉት ታማኝ እጆች።" ከፎቅ ወርዶ እንዴት አደርሽ የሚላት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። "ባልደረባዬ" የሚሏትም እሳቸው ብቻ ነበሩ። መጽሐፉን ተቀብላ፣ አመስግና፣ ወረደች። ዛሬ ነገ ስትል ሃያ ስምንት ዓመት ሆነ።

ጡረታ ልትወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀራት በመስኮቱ ሹል የሚያብለጨልጭ ጫማ አለፈ። ኃላፊው ነበር። ከስምንት ወር በፊት ከሆቴል ሥራ አስኪያጅነት ወደዚህ የተሾመ ጎልማሳ ነው። ቅሪተ አካላቱን "ነዋሪዎቻችን" ይላቸዋል፣ ጎብኚዎቹን "እንግዶቻችን"፤ ሠራተኞቹን ምንም አይላቸውም።

"እትዬ፣ እንዴት ነዎት? እዚህ ቀዝቀዝ ይላል፤ ደስ ሲል!"

"ጉልበቴን ግን ደስ አይለውም።"

"የምሥራች ይዤ መጥቻለሁ። ለሃምሳኛ ዓመታችን ባለ አሥራ ሁለቱን እንከፍተዋለን!"

"ሣጥኑን?"

"ፍሬውን እንጂ! መሃል ለመሃል። እርስዎ ይቆርጡታል፣ ያንን ልጣጭ ያነሱታል፣ እኛ በትልቅ ስክሪን እናሳየዋለን። ዘሩ፣ ረድፉ፣ የውስጡ ሁሉ! ለእርስዎም መሰናበቻ ይሆንዎታል ብዬ ነው።"

ፈጪዋ የያዘችውን ጨርቅ አራት አጣጥፋ፣ መልሳ ፈታችው። "ፕሮፌሰሩ በሕይወት እያሉ መጋዝ አይነካውም ብለው የለም?"

"ትናንት ቤታቸው ሄጄ አስፈቀድኩ። 'ዓይኔ ሳይጠፋ ውስጡን ልየው' አሉኝ። ራሳቸው ይመጣሉ፤ ፊት ወንበር ላይ።"

"ድንጋይ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም እኮ።"

"ኬክስ መቼ ይመለሳል፣ እትዬ?" አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ የፍሬውን ፎቶ አውጥቶ በእርሳስ አሰመረበት። "እዚህ ጋ።"

መስመሩ በጄሶው ላይ ያልፋል። ጄሶው የሞላው ከላይ ያለውን ነው፤ የፍሬው ግንድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቅርፊት ምግብ የሚልከው መሃሉ፣ ምንም አልጎደለበትም። ረድፎቹ የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ሲቆረጥ የእውነተኛው ቁጥር መነሻ ሁሉ ሜዳ ላይ ይወጣል።

ቤት ስትገባ ታላቅ እህቷ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ቀሚስ ትሰፋ ነበር። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋች፣ ሰው የምትለካው በዓይኗ የሆነ ሴት ናት።

"ምን ሆነሻል? ፊትሽ አሲድ የነካው መስሏል።"

ፈጪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ከሀ እስከ ፐ ተናገረች። እህቷ መኪናውን አቆመች።

"ሃያ ስምንት ዓመት? እኔ የያኔውን ክሳትሽን አይቼ፣ ሰው ወደሽ ነው ብዬ ስንቱን ጎረቤት ጠረጠርኩ! ለካስ ጄሶ ነው?"

"ካርዱ ላይ ጽፌዋለሁ፣ እትዬ።"

"ለማን ጻፍሽው? ለበረሮ?"

"ደንቡ ነው።"

"ተይኝ እባክሽ። እና አሁን ምን አስጨነቀሽ? ሦስት ሳምንት ነው የቀረሽ። ቁረጪላቸው፤ አጨብጭበው ኬካቸውን በልተው ይሂዱ። ቁጭ ብሎ የጥድ ፍሬ የሚቆጥር ጤነኛ ሰው ማን ነው?"

"እሳቸው ይቆጥራሉ።"

"ሽማግሌው?"

"ደረጃ ሲወርዱ እንኳ ይቆጥራሉ። በሰው ፊት፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይቆጥራሉ። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ያላቸው ያ መጽሐፍ ነው።"

እህቷ መርፌውን ከአፏ አወጣች። "ጄሶው የማይደርስበት ቦታ የለውም?"

"ጫፉ ላይ የለም።"

"እሰይ! ከጫፉ ቁረጪዋ። እጄ ሳተ በይ።"

"ጫፉ ላይ ዘር የለም። ፍሬውን በከንቱ ነው የማበላሸው። ሳያዩት ዓይናቸው ይጠፋል።"

"እንግዲያው ሂጂና ቀድመሽ ንገሪያቸው። ከሁለት አንዱን ምረጪ፤ እኔ ቀሚሱ ለነገ ነው የተባልኩት" አለችና መኪናውን አስነሳች።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ፕሮፌሰሩ ቤት ሄደች። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። "አሥራ አንድ እርምጃ፤ ባለፈው ዘጠኝ ነበር" አሉና ከሶፋው እስከ በሩ ያለውን በከዘራቸው አሳዩአት። ሻይ ቀዱላት። ከጽሕፈት ጠረጴዛቸው መስታወት ሥር የጺማሙ ደብዳቤ ተኝቶ ነበር፤ አንዲት መስመር።

"ሞተ፣ ሰምተሻል?" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ዓምና። ሁለታችን ብቻ ነበርን በዚህ ነገር ከልባችን የምንጣላው። አሁን የሚጣላኝም የለ።"

"ፕሮፌሰር፣ ስለ ፍሬው አንድ ነገር..."

"አውቃለሁ፤ ፈርተሻል። አትፍሪ! እጅሽን አምነዋለሁ። ስትቆርጪው ያ ጺማም ከመቃብሩ ተነስቶ ይቅርታ ይጠይቀኛል።" ብስኩቱን ወደ እሷ ገፉት። "ብዪ እንጂ።"

በላች። ከብስኩቱ ጋር ንግግሯንም ዋጠችው። አውቶቡስ ውስጥ ነው ትዝ ያላት፤ በሁለተኛው እትም ጊዜም ልክ እንዲህ ነበር ያደረገችው፤ ያኔ ብስኩት እንኳ አልነበረም።

በመቁረጫው ቀን በሯን ቆለፈች። ፍሬውን በመያዣው ላይ አሰረችው፤ መጋዙን አስነሳች። መጀመሪያ ምላጩን ከጫፉ አጠገብ አደረገችው። ከጫፉ ላይ አቆይታ አየችው። ከዚያ ወደ መሃል መለሰችውና ውሃውን ከፈተች። ሲቆረጥ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ፈጨች፣ አጠበች፣ አሲድ አስነካች፣ ፕላስቲኩን አለበሰች። ሲደርቅ ከጠርዙ ጀምራ ቀስ እያለች ላጠችው።

ከአጉሊ መነጽሩ ሥር ያየችው ነገር ሌላውን ሁሉ ለጊዜው አስረሳት። በሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ያለ አላየችም። እያንዳንዱ ቅርፊት ሥር ሁለት ሁለት ዘር አለ። በአንደኛው ዘር ውስጥ ደግሞ ጽንሱ ራሱ፣ ከነገ ዛሬ እበቅላለሁ እንዳለ፣ ቅጠሎቹን ገና እንደ እጅ ጣት ሰብስቦ ተቀምጧል። ያን ያህል ዘመን የጠበቀው አልመጣም፤ እሱ ግን አልተበላሸም። በመሃል ካለው ግንድ ዙሪያ ረድፎቹ እንደ ጠጉር ሽክርክሪት እየተጠማዘዙ ይወጣሉ። አሥራ አንዱ እስከ ዳር ይደርሳሉ። ከዚያ አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ ሕዋስ የለው፣ መስመር የለው፣ ልሙጥ። ሁለት ረድፎች ከግንዱ ተነስተው ወደዚያ ባዶ ገቡ፤ ሳይወጡም ቀሩ።

"ያውላችሁ" አለች፤ ለማን እንደሆነ ራሷም አላወቀችም።

በዓሉ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ተጀመረ። አዳራሹ ሞላ። ፕሮፌሰሩ ፊት ወንበር ላይ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። ፈጪዋ ከኋላ፣ ከኩባያዎቹ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማለች፤ ቦታ ስላልተያዘላት አይደለም፣ የተያዘላት ወንበር ላይ የአንድ እንግዳ ቦርሳ ስለተቀመጠ ነው። ኃላፊው ለግማሽ ሰዓት ስለ ራዕይ ተናገረ። ከዚያ መብራት ተቀነሰና ልጣጩ እንደ ቤት ተልቆ ስክሪኑ ላይ ታየ። ሰው ሁሉ "ኡ!" አለ።

"ክቡራን እንግዶቻችን" አለ ኃላፊው፣ ቀይ ብርሃን የምትረጭ ዘንግ ይዞ። "የሙዚየማችንን ቁጥር አብረን እንቁጠር!"

ቆጠረ። አዳራሹም አብሮት ቆጠረ፤ የተማረ ሰው በኅብረት ሲቆጥር ያምራል። "...ዘጠኝ! አሥር! አሥራ አንድ!" ባዶው ጋ ሲደርስ ቀይዋ ነጥብ ለአፍታ ዋለለች። ከዚያ ኃላፊው ባዶውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ዳበሰውና "አሥራ ሁለት!" አለ። ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው።

ፈጪዋ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ልክ እሷ እንዳደረገችው ነው ያደረገው። የሁለቱን ቦታ በአንድ ሞላው።

ፕሮፌሰሩ አላጨበጨቡም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ከዘራቸውን አነሱ።

"ያ ባዶው ቦታ፤ ስንት ብለህ ቆጠርከው?"

"አንድ ነው፣ ፕሮፌሰር።"

"አንድ መሆኑን ማን ነገረህ?"

ኃላፊው ፈገግ አለ፤ የሚያውቀው ጥያቄ ነበር። "እርስዎ ነዎት! መጽሐፍዎ ላይ።"

"ሁለት መስመር ሲገባበት ይታየኛል። ወይስ ዓይኔ ነው?"

ኃላፊው "የውሃ መሄጃ ይሆናል፤ የተፈጥሮ ነገር..." አለና ዘንጉን አጠፋ። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠርገው "ይሆናል" ቢሉ፣ ኬኩ ይቆረጥና ነገሩ ያበቃ ነበር። ከንፈራቸው እንደገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ፈጪዋ አየች፤ አሁን የሚጠራጠሩት ድንጋዩን ሳይሆን የራሳቸውን ዓይን ነበር። ያን ማየት አልቻለችም።

"ዓይንዎ አይደለም" አለች ከኋላ። "አሥራ ሦስት ነው። ባዶው ጄሶ ነው። እኔ ነኝ የሞላሁት።"

ያ ሁሉ ጭንቅላት በአንድ ጊዜ ዞሮ ሲያያት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። የሁለት ረድፍ ቦታ እንደነበረ፣ አንድ አስገብታ እንዳሳመረችው፣ ከዓመታት በኋላ እንዳወቀችው ተናገረች። በጠቅላላው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሃያ ስምንት ዓመት የከበዳት ነገር ከኃላፊው የራዕይ መግቢያ ያጠረ ሆኖ ተገኘ።

"ጽፈሽዋል?" አሉ ፕሮፌሰሩ ሳይዞሩ።

"ካርዱ ጀርባ ላይ።"

"አምጪው።"

"ፕሮግራሙ ላይ ቀጥሎ ያለው..." አለ ኃላፊው። የሚሰማው ጠፋ። ፈጪዋ ወርዳ ካርዱን ይዛ እስክትመጣ አዳራሹ ወንበር እያንቋቋ ጠበቀ። ፕሮፌሰሩ ፊቱን አዩት፤ አገላበጡት፤ ጀርባውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"ቀኑ እኔ ከመቁጠሬ ከአራት ቀን በፊት ነው" አሉ። ከዚያ ዞረው አዩዋት። ፊታቸው ጠቁሯል። "ሃያ ስምንት ዓመት አፍሽን ዘግተሽ!"

"ልነግርዎ ስመጣ ሁለተኛውን እትም ሰጡኝ።"

"ታዲያስ?"

"'ታማኝ እጆች' ይላል።"

"ስለ እጅሽ ነው የጻፍኩት" አሉ ሽማግሌው። "ስለ አፍሽ ምንም ጽፌያለሁ?"

አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አሳለው። ፕሮፌሰሩ በከዘራቸው ተደግፈው ወደ አዳራሹ ዞሩ። "ከእናንተ ውስጥ መነጽር የሚሸጥ አለ?" አሉ። ድምፃቸው ቀልድ ይመስላል፤ ካርዱን ግን ከእጃቸው አላወጡትም። "አንድ ሰው ቁጠር ብሎኝ ነበር። አሁን የምመልስለት አድራሻ የለኝም።" እንግዶቹ መሳቅ ይሁን ማዘን ስላላወቁ፣ ያልገባው አዳራሽ የሚያደርገውን አደረጉ፤ አጨበጨቡ።

ከዚያ ፕሮፌሰሩ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፤ በጣም ተጠጉ። ከዘራቸውን በጽንሱ ላይ አሳረፉት።

"ይሄኛውን ግን ማንም አልጨመረበትም?"

"ማንም" አለች ፈጪዋ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እንዲህ አድርጌ መሥራት ብችል ምድር ቤት እቀመጥ ነበር?"

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆሙ። ኬኩ ተቆርጦ አለቀ፤ እሳቸው ከጽንሱ ፊት አልተንቀሳቀሱም፤ እሷም ከጎናቸው አልሄደችም።

በማግሥቱ ሙዚየሙ ስለ በዓሉ መግለጫ አወጣ። "ያልተጠበቀና ሞቅ ያለ ሳይንሳዊ ውይይት" ተካሂዷል ይላል። ዓርማው አልተለወጠም፤ የእግር መጥረጊያዎቹ ገና አዲስ ናቸው። ፕሮፌሰሩ ሦስት ገጽ ማረሚያ ጻፉ። አራት መቶውን ገጽ ያነበቡ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ሦስቱን እስካሁን ያነበበ አልተሰማም። በመጨረሻው መስመር "ቁጠር ላለኝ ሰው" ብለው አመስግነዋል። ለእሷ ሦስት ወር ሙሉ አልደወሉላትም። በአራተኛው ወር ደወሉና "የበሩ እርምጃ አሥራ ሦስት ደርሷል፤ መጥተሽ ቁጠሪልኝ" አሏት። ሄደች።

ጡረታ በወጣች በስድስተኛ ወሯ እህቷን ይዛ ሙዚየሙን ጎበኘች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዋናው በር። እህቷ እግሯን በዓርማው ላይ አጥብቃ ጠረገች። የተቆረጠው ፍሬ ግማሹ በሣጥኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከጎኑም፣ በፕሮፌሰሩ ትእዛዝ፣ ካርዱ በጀርባው ተዘርግቷል። "ጎዶሎው በጄሶ ተሞልቷል።" ከሥሩ ቀኑና የእሷ ፊርማ። ከሠላሳ አራት ዓመት ሥራዋ፣ ካነሳቻቸው ሺህ ልጣጮች ሁሉ፣ ስሟ ተጽፎበት ከመስታወት ውስጥ የገባው ያ ጄሶ ብቻ ነው።

እህቷ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። በጣቷ መስታወቱን እየነካች ቆጠረች፤ የልብስ ሰፊ ጣት ስለሆነ አልዘለለም። "አሥራ ሦስት" አለች። ከዚያ ወደ ፍሬው ጎን ዞራ፣ ጄሶው ከድንጋዩ የሚገጥምበትን ቦታ ፈለገች። ፈለገች፣ ፈለገች፣ አጣችው።

"የቱ ጋ ነው?"

ፈጪዋ አሳየቻት።

እህቷ ቀና ብላ አየቻት። "አንቺ ልጅ" አለች፤ "በእንዲህ ያለ ስፌት እኔም እታለል ነበር።"

ሲወጡ ፈጪዋ ከእግር መጥረጊያው ላይ ቆም ብላ መስመሮቹን በዓይኗ ቆጠረች። አሥራ ሁለት ናቸው። ጫማዋን በደንብ አድርጋ ጠረገችባቸው።